ክፉ ወሬ የተከለከለበት ሳምንት

ቧንቧ ሠሪ ወይም ቀለም ቀቢ ወደዚያ ቤት ሲጠራ፣ የቤቱ እመቤት በር ከመክፈቷ በፊት የምትሠራው አንድ ሥራ አላት። ገመድ ላይ የተሰጣውን የባሏን የአብራሪ ዩኒፎርም ለቅማ አልጋ ሥር ትከትና፣ በምትኩ ከጎረቤት መካኒክ የተዋሰችውን ዘይት የጠጣ ቱታ ትሰቅላለች። ልምድ አስተምሯት ነው። አንድ ጊዜ ቧንቧ ሠሪው ወርቃማዎቹን መስመሮች አይቶ ለአንዲት የቧንቧ ጎማ ቅያሪ የጠራው ዋጋ ከመሬት ተነስቶ፣ ደመና በጥሶ ሄደ፤ እሷ አንጋጣ ስታየው ቀረች። ቱታው መሰቀል ከጀመረ ወዲህ ግን ያው ሰውዬ «የእርስዎም ባል እንደኛው ነው የሚለፋው» እያለ በሐዘኔታ ይቀንስላታል። ባለፈው እንዲያውም ሻይ ሊጋብዛት ቃጥቶት ነበር።

ባሏ ካፒቴን ነው። እሷ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ዋናው መንገድ ላይ፣ በጥርስ ሐኪሙና በጫማ መሸጫው መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ አለቻት። ቤት ውስጥ ግን «ታወር» ነው የሚሏት። በአውሮፕላን ማረፊያ መቆጣጠሪያው ማማ ካልፈቀደ የሚነሳም የሚያርፍም እንደሌለ ሁሉ፣ በዚያ ቤትም ያለ እሷ ፈቃድ የሻይ ማንኪያ ከመሳቢያ አይነሳም። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፣ ሊያሾፍባት። እሷ እንደ ሹመት ተቀበለችው።

የሰፈሩ ሰው ካፒቴኑ ከበረራ በተመለሰ ቁጥር በሻንጣው ጥሬ ገንዘብ ጭኖ የሚወርድ ይመስለዋል። ዘመድ ሲያገባ የሚታሰበው እሱ፣ ዘመድ ሲከስር የሚታሰበውም እሱ። አንድ የአጎቱ ልጅማ አውሮፕላኑ የራሱ መስሎት ቅዳሜና እሁድ እንዲያከራየው ጠይቆታል። ታወር ግን እውነቱን ታውቃለች። የባሏ ደሞዝ የተንጠለጠለው በሁለት ዓይን፣ በሁለት ጆሮና በአንድ ልብ ላይ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ቢያስነጥሰው ቤቱ በሙሉ አልጋ ይይዛል። ይህ እንግዲህ የራሱ አካል ነው። ነዳጅ ሲወደድ፣ ሁለት የማያውቃቸው መንግሥታት ተኳርፈው ሰማይ ሲዘጋጉ፣ በዓለም ሌላው ጫፍ ሰው ማሳል ሲጀምር፣ መጀመሪያ «እስቲ ቤትህ ቆይ» የሚባለው አብራሪ ነው። ተናዶ ወደ ሌላ አየር መንገድ ልሂድ ቢል፣ ሽበቱን ይዞ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል፤ በዚህ ሙያ ተራ የሚያዘው በቅጥር ቀን እንጂ በችሎታ አይደለምና። እንደ ንሥር እያየም ቢሆን፣ ዕድሜው ሲደርስ ሕግ ከኮክፒት ያወርደዋል። ታወር ይህን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦

«እናትህ ፀጉር አስተካካይ እንድትሆን ፈልገው ነበር አሉ። ምን አለ ብትሰማቸው ኖሮ? ዓለም ቢገለባበጥ ፀጉር ማደጉን አይተው።»

ይህም ሁሉ ሆኖ ይቻል ነበር፤ የማይቻለው በየስድስት ወሩ የሚመጣው የጤና ምርመራ ነው። ካፒቴኑ መብረቅ በአፍንጫው ሥር ሲያልፍ የሚያዛጋ ሰው ነው። በማዕበል መሃል መንገደኛው ሁሉ የየእምነቱን ሲጠራ፣ እሱ ሻዩ ስኳር አንሶታል ብሎ አስተናጋጇን መልሷታል ይባላል። ነገር ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም የደም ግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ሲጠመጥምለት፣ ልቡ እንደ ፈረስ ይጋልባል፤ ቁጥሩም ተያይዞ ይወጣል። ቤት ውስጥ ሲለካ የሕፃን ነው። ሐኪም ፊት የአበዳሪውን ድምፅ የሰማ ሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ምክንያት ምርመራውን ወደቀና ሁለት ወር መሬት ላይ ዋለ። አብራሪ የሚከፈለው በበረረበት ሰዓት ስለሆነ፣ መሬት ላይ የዋለ ለት የሚደርሰው ደሞዝ ለዩኒፎርሙ ሳሙና ቢገዛ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ታወርን ያሳበዳት ግን ሰውየው ራሱ ነበር። ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ጮክ ብሎ «በር» ይልና፣ ራሱ መልሶ «ተከፍቷል» ይላል። ሻይ ሲፈላ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ «ሙቀት ደህና፣ እንፋሎት ደህና» እያለ ይዘግባል። አብረዋቸው የሚኖሩትን እናቱን፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲሻገሩ መስመር አስለቅቀው እንዲያልፉ አዘዛቸው። ታወር አላስቻላትም፤ ሐብሏን ሸጣ የስፌት መኪና ገዛች፣ ሱቋን ከፈተች። ለቤቱ ገቢ ነው ተባለ። ግማሹ ምክንያት ግን ከቤት መውጣት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቤቱ አንድ ሕግ ጸና፤ የምርመራ ሳምንት። ካፒቴኑ ፈቃድ ወጥቶ ቤት ይውላል፤ ምርመራው እስኪያልፍ ድረስ ክፉ ወሬ የሚባል ነገር ጆሮው አይደርስም። ቴሌቪዥኑ ዜና አያሳይም። ስልኩ ታወር ኪስ ውስጥ ይውላል። የሚደግፈው ቡድን ከተሸነፈ፣ ጨዋታው በዝናብ ተቋርጧል ይባላል። እሱም በበኩሉ ግዴታ አለበት፤ በዚያ ሳምንት አይከራከርም፣ የተጠየቀውን ሁሉ «እሺ» ነው የሚለው። የተጠራቀመው ጉድ ደግሞ ምርመራውን ባለፈ በሰዓቱ፣ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ባለው ካፌ፣ ኬክ ታዞ፣ በተራ በተራ ይነገረዋል። ቤተሰቡ ይህን ሥነ ሥርዓት «ማራገፊያ» ይለዋል።

ሕጉ የሚከብደው በአማቷ ላይ ነው። አማቷ አፋቸው ውስጥ ወሬ አያድርም። በምርመራ ሳምንት ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ውሃ የጎረሱ መስለው ይንጎራደዳሉ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ይላል ልጅየው።

«ምንም። ሁሉ ሰላም ነው። በጣም ሰላም ነው። እንዲህ ሰላም ሆኖ አያውቅም።»

ካፒቴኑ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ ይመስላል። ስለዚህ ታወር መላ ዘየደች፤ ልጃቸው ወደ ክፍሉ በገባ ቁጥር አማቷ አንድ ከረሜላ ይጎርሳሉ። ከረሜላ የጎረሰ ሰው አይናገርም። በዚያ ሳምንት የሰፈሩ ባለሱቅ ከረሜላ በካርቶን ያመጣል።

ዘንድሮ ምርመራው አርብ ጠዋት ነበር። ረቡዕ ዕለት፣ ታወር ሱቋ ውስጥ ተንበርክካ መጋረጃ እየለካች ሳለ የካፒቴኑ ስልክ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። የአብራሪዎቹ ሁሉ አለቃ፣ ዋና አብራሪው ነበር።

«ካፒቴን አለ?»

«የምርመራ ሳምንት ላይ ነው፣ ጌታዬ» አለች፣ ሁሉን የሚያስረዳ ቃል ነው ብላ።

ዋና አብራሪው ተነፈሰ። «እንግዲህ እህቴ፣ ላንቺ ልንገርሽ። እሱ የሚያበርራቸው ዓይነት አውሮፕላኖች ሊሸጡ ነው፤ አንድም አይቀርም። ካፒቴኖቹ በዙብን። በትልልቆቹ ላይ ጥቂት ቦታ አለኝ፣ ግን የቀኝ ወንበር ነው።»

ታወር የቀኝ ወንበር ምን እንደሆነ ታውቃለች። ካፒቴን በግራ ይቀመጣል፤ በቀኝ የሚቀመጠው ረዳቱ ነው። ባሏ ከቀኝ ወደ ግራ ለመሻገር አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። የተሻገረ ለት ደስታው ልክ አጥቶ፣ አልጋ ላይ ሳይቀር ጎኑን ቀይሮ በግራ በኩል መተኛት ጀመረ፤ እስከ ዛሬ ግድግዳው ሥር የምትተኛው እሷ ናት።

«እምቢ ካለስ?»

«የሦስት ወር ደሞዝና ምስጋና።»

«ምስጋናው ስንት ወር ይቆያል?»

«አትቀልጂ፣ እህቴ። ነገ እስከ ቀትር እሺ ወይም እምቢ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ለሚቀጥለው ሰው ነው የምሰጠው። ደግሞ አደራ፣ ጤናውን ካላለፈ ቀኝም ግራም የለም።»

ስልኩ ሲዘጋ ታወር እዚያው እንደተንበረከከች ቀረች። ብትነግረው ኩራቱ ይነሳል፣ ከኩራቱ ጋር ግፊቱ ይነሳል፣ አርብ ዕለት ሐኪሙ ፊት ይወድቅና ሁለቱንም ወንበር ያጣል። ባትነግረው ቀትር ያልፋል፤ አንዱንም ወንበር አያገኝም። ከዚያ በኋላ የሚቀመጥበት ወንበር የሚታያት አንድ ብቻ ነበር፤ ወጥ ቤታቸው ያለው፣ ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት። «በር። ተከፍቷል።» ይህን ስታስብ መቀሱ አመለጣትና የሰው መጋረጃ ከጉልበት በላይ አስቀረችው።

በማግስቱ ካፒቴኑ መታጠቢያ ቤት ሆኖ ፂሙን ሲላጭ ስልኩ እንደገና ጮኸ። «እሺ ብሏል» አለች ታወር፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

«ከራሱ አፍ ካልሰማሁ አልቀበልም።»

ታወር ድምፁን ከፍ አድርጋ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ሄደች። አማቷ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ፤ ምን እንደመጣ ባያውቁም፣ ለጥንቃቄ ሁለት ከረሜላ አንድ ላይ ጎረሱ።

«የኔ ጌታ» አለች ታወር።

«እ?» ሚስቱ እንዲህ ስትለው ደግ ነገር ተከትሎ እንደማያውቅ ድምፁ ላይ ያስታውቃል።

«ዋናው ናቸው፣ ከቢሮ። የሥራ ነገር ነው፤ እኔ ደህና ነው ብያለሁ። እሺ ትላለህ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምን ሳምንት ላይ ነን?»

የምላጩ ድምፅ ቆመ። ውሃው ጥቂት ፈሰሰ። «እሺ» አለ ካፒቴኑ፤ ምላጩም ቀጠለ።

«ሰምቻለሁ» አለ ዋና አብራሪው። «ዛሬ እንዲህ ያለ እሺ ስሰማ አራተኛዬ ነው። አንደኛው እያንኮራፋ ነው እሺ ያለው።»

አርብ ጠዋት ካፒቴኑ ከምርመራው ክፍል እያፏጨ ወጣ። ሐኪሙ መለኪያውን ተጠራጥሮ ሁለት ጊዜ ለክቶታል፤ «ይህ ምንም ሐሳብ የሌለበት ሰው ግፊት ነው፣ ምስጢሩ ምንድን ነው?» ሲለው «ቤተሰብ» ብሎ መለሰለት።

ካፌው ውስጥ ኬኩ መጣ፣ ማራገፊያውም ተጀመረ። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው፦

«አባዬ፣ የመኪናው የጎን መስታወት የለም።»

«የት ሄደ?»

«የሆነ ምሰሶ ጋ ቀርቷል።»

ካፒቴኑ ከት ብሎ ሳቀ። «ምሰሶው ደህና ነው?»

ቀጥለው እናቱ ከረሜላቸውን በናፕኪን ተፍተው ተነፈሱ። «ጥቁሩን ሱፍህን ለእህትህ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ ለብሶት፣ አሁን ሥራውን አገኘ፤ ስለዚህ በየቀኑ ይለብሰዋል። ጣሪያውም ያፈሳል። ጎረቤታችን ውሻ ገዝቷል። ቡድንህም አልዘነበበትም።»

«ግድ የለም፣ እማዬ፣ ግድ የለም» አለ ካፒቴኑ፣ ለሦስተኛ ኬክ እጁን እያወጣ። ዛሬ ዓለሙ ነው። ወደ ሚስቱ ዞረ። «ታወር፣ ያንቺስ?»

ታወር ያላትን ሳትቀባባ ነገረችው። አውሮፕላኖቹ እንደሚሸጡ፣ የቀኝ ወንበሩን፣ የሐሙሱን ቀትር፣ መታጠቢያ ቤት ሆኖ ያላትን እሺ።

ካፒቴኑ ሹካውን አስቀመጠ። «እኔ እሺ ያልኩት የምድብ ለውጥ መስሎኝ ነው።»

«የምድብ ለውጥ እኮ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አሥራ አንድ ዓመት የወጣሁትን በር ላይ ቆመሽ በአንድ እሺ አወረድሽኝ?»

«ባትወርድ ከነአካቴው ትወድቅ ነበር።»

«ልውደቃ! የራሴ አወዳደቅ ነው።»

«ያንተ ብቻ አይደለም» አለች ታወር፣ ቀስ ብላ። «አንተ ስትወድቅ እላያችን ላይ ነው።»

ልጃቸው ኬኩን በማንኪያ እያፈረሰች አቀረቀረች። እናቱ አዲስ ከረሜላ ፈለጉ። ካፒቴኑ ድምፁ ዝቅ ብሎ «ረዳት የምሆነው ለማን ነው?» አለ።

«ለተመደበው።»

«ማን ተመደበ?»

ታወር በመስኮት ወደ ውጭ አየች። «ጩጬው ነው አሉ።»

ጩጬው ካፒቴኑ ራሱ ያሠለጠነው ልጅ ነው። መጀመሪያ ቀን ኮክፒት ውስጥ ሲገባ ቀበቶውን ማሰር አቅቶት፣ ካፒቴኑ እንደ ሕፃን አስሮለታል፤ ስሙም ያኔ ወጣለት። ልጁ ግን ገና ረዳት ሳለ ወደ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ተዛወረና እዚያ የካፒቴንነት ተራው ቶሎ ደረሰው። ካፒቴኑ ተነሳ። የኬኩን ሒሳብ ከፈለ፤ ተናዶም ቢሆን ጨዋ ነው። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ለታወር ወረወረላት።

«ንጂ። ተናድጄ አልነዳም፤ ደንብ ነው።»

ቅዳሜና እሁድ ኩርፊያ ሆነ። ካፒቴኑ ሳሎን ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስለ ዶሮ እርባታ ያወራል። ማንኛውም አብራሪ ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ የዶሮ እርባታ አለው፤ የተናደደ ለት ይከፍተዋል፣ ሲበርድለት ይዘጋዋል። «ዶሮ ግራ ቀኝ አይልም» ይላል። «ዶሮ ጤናህን አይመረምርም።»

«ዶሮ ሲታመም ግን በአንድ ቀን ያልቃል» ይላሉ እናቱ ከወዲያ ክፍል፤ ሳምንቱ ስላለቀ አሁን አፋቸው ነፃ ነው።

ሰኞ ጠዋት «ዋናው ጋ ውሰጂኝ» አላት። «ምን ልትለው?» ብትለው ቀበቶውን ማሰር ያዘ። እሷም ነዳች። መንገዱን በሙሉ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራት፤ ሄዶ እምቢ ይላል፣ በኩራት ይወጣል፣ ከነገ ጀምሮ ምድጃው አጠገብ ይቆማል።

የዋና አብራሪው ቢሮ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጓደኞቹ «ጄኔራል» የሚሉት አንድ ካፒቴን ተቀምጦ ነበር። ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው። ከካፒቴኖቹ ሁሉ ቀድሞ «እኔ ለልጅ አላጎበድድም» ብሎ እምቢ ያለው እሱ ነው። ካፒቴኑ ሰላም ሳይለው አልፎ ገባ፤ በሩን ግን በደንብ አልገጠመውም። ጄኔራሉ ወደ ታወር ተጠጋ።

«እህቴ፣ ባልሽ ሊተወው ነው የመጣው?»

«እኔ እንጃ። እሱ አልነገረኝም።»

«ከተወው ጥቀሺኝ። ሁለት ሰው ቀድሞኛል፤ አንደኛው ሽንት ቤት ነው።»

«እርስዎ ግራ ካልሆነ ብለው ነበር አሉ።»

ጄኔራሉ ኮፍያውን አገላበጠ። «አዎ። ለሚስቴ ነገርኳት። ሳቀች። በመጀመሪያ የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳያት እያለቀሰች ነው።»

ያኔ ገርበብ ባለው በር የዋና አብራሪው ድምፅ መጣ። «ልትተወው ከሆነ ቶሎ በለኝ። ውጭ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ታወር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሕይወት አድን ጃኬት አለባበስ የምታነብ መሰለች። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ጃኬቱን በአንገቷ አጥልቃ ፈገግ ብላለች፤ ውሃ ላይ ልትወድቅ ነው፣ ፈገግታዋ ግን አልቀነሰም። ጄኔራሉ አጠገቧ ትንፋሹን ይዟል።

«ሚስቴ ናት እሺ ያለችው» አለ የካፒቴኑ ድምፅ።

«አውቃለሁ። ድምፁ ግን ያንተ ነበር። ምን ልጻፍ?»

ከዚያ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ሥልጠናው የሚጀምርበትን ቀን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ጄኔራሉ ትንፋሹን ለቀቀና ኮፍያውን አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። ታወር ደስታዋን ለጄኔራሉ ላለማሳየት ወደ ሥዕሏ ሴት ዞረች። ካፒቴኑ ሲወጣ እሷን ሳያይ፣ ጄኔራሉ ፊት ቆመና ትከሻውን ያዝ አደረገው። መኪና ውስጥ ገብተው፣ ትልቁን አደባባይ ዞረው፣ መብራት ያዛቸው።

«ሁለተኛ ግን» አለ፣ ቀዩን መብራት እያየ፣ «ፂሜን ስላጭ ሥራዬን የሚነካ ነገር አትጠይቂኝ።»

«አልጠይቅህም።»

«ይቅርታ እንኳ አትይም?»

«ዘግይቼ ስለነገርኩህ ይቅርታ። ላስባልኩህ እሺ ግን አልልም።»

ካፒቴኑ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩንባ እስኪነፋባቸው ድረስ አሰበበትና፣ «ሂጂ፣ ተፈቅዶልሻል» አለ።

በማግስቱ ከሰዓት ሱቋ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ጨርቅ እያማረጠች ሳለ ካፒቴኑ ገባ። የዩኒፎርም ኮቱን በክንዱ ታቅፏል። ጠረጴዛው ላይ፣ ጨርቆቹ መሃል ዘረጋው። እጅጌዎቹ ላይ አራት አራት ወርቃማ መስመር አለ፤ ረዳት የሚለብሰው ሦስት ነው።

«አንድ አንድ አንሺልኝ» አለ። «ቀስ ብለሽ፤ ይመለሳሉ።»

ታወር ምላጯን አነሳች። ደንበኛዋ ኮቱን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ ወደ ታወር ጎንበስ አለች። «ምን አጥፍቶ ነው?»

«ሚስቱን ሰምቶ ነው» አለች ታወር።

«እንዲህ ከሆነማ ባሌ ጄኔራል ሆኖ ነው የሚሞተው» ብላ ደንበኛዋ ወደ ጨርቋ ተመለሰች።

ታወር ክሩን አንድ በአንድ በጠሰች። መስመሩ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ፀሐይ ያልነካው፣ እንደ አዲስ የጠቆረ ሆኖ ተገኘ። ከቅርብ ላየው አራተኛው መስመር አሁንም እዚያው ነው፤ በወርቅ ፋንታ በጥቁር። ካፒቴኑ ጣቱን አስኬደበት። ደስ ሳይለው አልቀረም፣ ግን ፊቱን አጨማደደ።

«አሁን ያን ልጅ ምን ብዬ ነው የምጠራው?»

«በስሙ።»

«ስሙን አላውቀውም። ይኸው ስንት ዓመት ጩጬ ስለው።»

«እንግዲያው ካፒቴን በለው።»

ካፒቴኑ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መጋረጃዎች ወደ አንዱ፣ አበባ አበባ ወዳለበት ዞረ። ጀርባውን አቀና።

«ካ...» አለና አሳለው።

ታወር ሁለተኛውን እጅጌ ወደ ራሷ ሳበች። «ድገመው» አለች፣ ቀና ሳትል።